ኳስ አለኝ በሰማይ

ከአዲስ ዓለም ተነስታችሁ ወደ ባኮ ብትወርዱ፣ በመንገዱ ላይ የምታገኟቸውን ከተሞች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ነው። የትምህርት ቤት ሰሌዳ አይደለም፤ የዲኤስቲቪ ቤት ሰሌዳ ነው። በር ላይ ተደግፋ ትቆማለች፤ በጠመኔ «ዛሬ ማታ 4፡00 አርሴናል ከ ቼልሲ» ተብሎ ተጽፎባታል። ግንጪ አለች፣ አምቦ አለች፣ ጉደር አለች፣ ጌዶም አለች። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንኳን ሰሌዳዋ ፈረቃ አታውቅም። መብራት ከሄደ ጄኔሬተር ይነሳል፤ ጄኔሬተሩ እምቢ ካለ ሰዉ በየስልኩ ላይ ይደፋል። በከተሞቻችን ሰዓት የሚከበርበት ስብሰባ ቢኖር ይሄ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ የዋንጫ ሆኗል። ካፍ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የ2027ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ በጋራ ሲሰጥ፣ «ዋንጫው ሞያሌ ማዶ መጣ!» ተባለ። እውነት ነው፣ ቀርቦናል። እኛ ራሳችን እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ካስተናገድን ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ እንዲህ ደጃችን ደርሶ አያውቅም። የ2026ቱን የዓለም ዋንጫ ከጨመርንበት ደግሞ 48 ቡድን፣ 104 ጨዋታ፣ ከአፍሪካ ብቻ በቀጥታ 9 ቦታ። እንዲህ ያለ ድግስ ታይቶ አይታወቅም። ታዲያ በዚህ ሁሉ ደስታ መሀል አንዲት አባባል ከአፍ አፍ እየዞረች ነው፤ «ኳስ እኮ በእኛ አካባቢ በጣም አደገ!»

እኔ የምጣላው ከዚህች አባባል ጋር ነው።

ያደገው ኳስ ማየት ነው። ኳስ መጫወት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሜዳ ይፈልጋል። አርሴናልን የሚደግፍ ልጅ በዛ ማለትና ኳስ የሚጫወት ልጅ በዛ ማለት፣ የሰርግ ቪዲዮ ያየ ሰው ሚስት አገባ እንደማለት ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ ሳተላይት አላዩም ነበር፤ ተረቱ ግን ለእኛ የተሠራ ይመስላል። ኳሳችን በሰማይ ናት። በዲሽ ትወርዳለች፣ ለ90 ደቂቃ ታስጨፍረናለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትወጣለች። መሬት ላይ ምን ቀረ ብላችሁ ጠይቁ።

መሬት ካልን ዘንድ ስለ መሬት እናውራ። የምዕራብ ሸዋ ሰው ስለ ኳስ ሜዳ ሲያወራ ስለ ጨዋታ ብቻ እንደማያወራ ለማወቅ ግንጪን ማስታወስ ይበቃል። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ግንጪ ላይ ተማሪዎች ለተቃውሞ ሲወጡ፣ መነሻው የጭሊሞ ደንና የከተማዋ የኳስ ሜዳ ለኢንቨስትመንት ሊሰጥ ነው የሚለው ጉዳይ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተቃውሞው የአዲስ አበባና ዙሪያዋን ማስተር ፕላን ጥያቄ ይዞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ብዙ ወጣት ሞተ፣ ብዙ ወጣት ታሰረ። ማስተር ፕላኑ ጥር 2008 ላይ ቀረ፤ በ2009 መግቢያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የካቲት 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። የዚያ ሁሉ ማዕበል የመጀመሪያ ቀን ላይ ከደኑ ጎን አንድ የኳስ ሜዳ አለ።

ይሄን የማነሳው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። የማነሳው አንድ ነገር ስለሚነግረን ነው፤ የከተማ ልጅ ሜዳውን እንደ ባዶ መሬት አያየውም። ለባለሥልጣኑ «ያልለማ ቦታ» ነው፤ ለኢንቨስተሩ «ሎኬሽኑ አሪፍ» ነው፤ ለልጁ ግን የሚያውቀው ብቸኛ የጋራ ንብረቱ ነው። ቤቱ የአባቱ ነው፣ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ሱቁ የነጋዴ ነው። ሜዳው ግን የእሱ ነው። ካርታ ስለሌለው ብቻ የማንም ያልሆነ ይመስላል።

የሜዳ ነገር የማይታያቸውን ሰዎች ለመረዳት ደግሞ ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። አንድ ደረጃውን የጠበቀ የኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው። 7,140 ካሬ ሜትር። ይህን ለመኖሪያ ቤት በ200 ካሬ ብትሸነሽኑት 35 ቦታ ይወጣዋል፣ ትራፊም ይተርፋል። 35 ቦታ! በአንድ በኩል 35 ሰው የሚያመሰግንህ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ገና ድምፅ የማይሰጡ፣ ደብዳቤ የማይጽፉ፣ ቢሮ መጥተው የማይጨቀጭቁ ልጆች። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለመገመት ቤቲንግ መቁረጥ አያስፈልግም። አንድ ሜዳ ደግሞ በአንድ ቀን አይጠፋም። መጀመሪያ በጠርዙ የትምህርት ቤቱ «የገቢ ማስገኛ» ሱቅ ይሠራል። ቀጥሎ ለኮንስትራክሽን ሥራ «ለጊዜው» አሸዋና ጠጠር ይራገፍበታል። ከዚያ አንዱ ጎል ይነሳል። አንድ ጎል የቀረው ሜዳ ደግሞ ሜዳ መባሉ ይቀርና «ክፍት ቦታ» ይባላል። ክፍት ቦታ የተባለ ነገር በዚህ ሀገር ክፍት ሆኖ አይቆይም።

አሁን አንድ ሰው «ልጅቷ አጋነነች፤ ተሰጥኦ ካለ ሜዳ አይገድበውም» ይለኛል። በጣም ጥሩ፤ እስቲ ተሰጥኦውን እንቁጠር። አምቦ የተወለደው ፊጣ ባይሳ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር ነሐስ አመጣ። የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ በማራቶን ብር አመጣ፤ እጁን አጣምሮ መስመሩን ሲያልፍ ዓለም ሁሉ አየው። አያችሁ? ከዚህ ዞን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ወጥቷል። በሩጫ! ለምን በሩጫ ሆነ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዳገቱን ሸንሽኖ ለ35 ሰው የሚሰጥ የለም። ሯጭ የገጠር መንገድ ይበቃዋል፤ ማለዳ ተነስቶ ብቻውን ይወጣል። ኳስ ግን ብቻ አይሆንም። 22 ሰው ይፈልጋል፣ የተስተካከለ መሬት ይፈልጋል፣ ነገም ተነገ ወዲያም እዚያው የሚገኝ መሬት ይፈልጋል። ተሰጥኦው እግር ውስጥ አለ፤ የተነጠቀው ከእግሩ ሥር ያለው ነው።

ከውጭ ምሳሌ አምጪ ከተባልኩም አለኝ። ኬፕ ቨርዴ የምትባል የአሥር ደሴቶች ሀገር አለች፤ ጠቅላላ ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። ምዕራብ ሸዋ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ እንኳን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው። እንግዲህ የአንድ ዞናችን ሩብ የምታህለው ሀገር ጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹን 1ለ0 አሸነፈች፤ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ኢስዋቲኒን 3ለ0 አሸንፋ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ አለፈች። ያለፈችውም በገዛ ዋና ከተማዋ፣ በገዛ ሜዳዋ ላይ፣ ሕዝቧ እያየ ነው።

በገዛ ሜዳዋ የሚለውን አስምሩልኝ። እኛ እኮ ካፍን እ.ኤ.አ. በ1957 ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የመሠረትን ሰዎች ነን። ይድነቃቸው ተሰማ ካፍን ከ1972 እስከ 1987 መርተዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4ለ2 አሸንፈን ዋንጫ አንስተናል። ይህን ታሪክ የተሸከመ ብሔራዊ ቡድን ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሴራሊዮንንና ቡርኪና ፋሶን «በሜዳው» ያስተናገደው ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ ላይ ነው። በመስከረም 2024 ደግሞ ዲሞክራቲክ ኮንጎን «በሜዳው» የገጠመው ዳሬሰላም ላይ ነው፤ 2ለ0 ተሸንፎ። ለካፍ መስፈርት የሚበቃ ስታዲየም ስላልነበረን ቤታችንን ይዘን በሰው ሀገር ስንዞር ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲካሄድ ደግሞ የ2029ን ዋንጫ ማስተናገድ እንፈልጋለን ተባለ። ምኞት መልካም ነው። ግን እንግዳ የሚጠራ ሰው መጀመሪያ መቀመጫ ያዘጋጃል።

ሊጋችንም ያው ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ተጫዋቾቻችን በጥሩ ካሜራ መታየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ግን አብሮ የመጣውን ተመልከቱ። ጨዋታዎቹ በየክለቡ ከተማ መሆናቸው ቀረና አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየተባለ በተመረጡ ከተሞች በዙር መደረግ ጀመሩ። ደጋፊው ክለቡን ለማየት ወደ ስታዲየም መሄዱን ተወና ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ሄደ። የሀገር ውስጡም ኳስ ወደ ሰማይ ወጣ ማለት ነው። የተመረጡት ከተሞች ዝርዝር ውስጥ ከምዕራብ ሸዋ አንድም አልነበረችም፤ የሚያስመርጥ ሜዳ የት አለና?

ደግሞ ስለ ሴቶች ካላነሳሁ ይሄን ጽሑፍ ለምን ጻፍኩት? «ኳስ በአካባቢያችን አደገ» ሲባል እኔ የምጠይቀው «ለማን?» ብዬ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት የወንድ ቤት ነው። ሴት ልጅ ከገባች ግማሹ ቤት ከስክሪኑ ዞሮ እሷን ያያል፤ «ማንን ፈልገሽ ነው?» ትባላለች፤ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ፈተና ትፈተናለች። ሜዳው ላይ ብትሄድም ትርፍ ሰዓት ካለ ነው፤ ትርፍ ሰዓት ደግሞ የለም። ጋዜጠኝነት ተምሬ እንደተመረቅሁ ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ስለ ታዳጊ ሴቶች ኳስ ዘገባ ልሥራ ብዬ ነበር። «ይሄን ማን ይሰማዋል?» ተባልኩ። በዚያው ቀን ያው ፕሮግራም የአንድ እንግሊዝ ክለብ ተከላካይ ጉልበቱን ስላመመው አርባ ደቂቃ አወራ። የእኛ ልጆች ጉልበት አያማቸውም መሰለኝ።

ሴቶቹ ግን ሳይጠበቁ ያመጡትን ልንገራችሁ። ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው አራተኛ ወጥተዋል። ሎዛ አበራ ማልታ ሄዳ በቢርኪርካራ ማሊያ ጎል አዝንባለች፤ በኋላም አሜሪካ ተጫውታለች። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ሞሮኮ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ተሳትፏል። ይሄ ሁሉ የሆነው በትርፍ ሰዓትና በትርፍ ሜዳ ነው። ሙሉ ሰዓትና ሙሉ ሜዳ ቢሰጣቸው ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ለምን ነውር ሆነ? የአምቦና የጉደር ቀሬዎች በተቃውሞው ዘመን ከወንዱ እኩል አደባባይ ሲወጡ «ቤትሽ ግቢ» ያላቸው አልነበረም። ኳስ ሜዳ ሲሆን ነው ቤት የሚታወሰው?

ሦስት መልሶች እንደሚመጡብኝ አውቃለሁ፤ በተራ ላስተናግዳቸው።

የመጀመሪያው «ኳስ መዝናኛ ነው፤ ዲኤስቲቪ ቤቱ ወጣቱን ከመጥፎ ቦታ ይጠብቀዋል» የሚል ነው። የዲኤስቲቪ ቤት ጠላት አይደለሁም። ዘርና ሰፈር ሳይጠየቅ ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥበት፣ ባንኩ ሠራተኛ ከሊስትሮው ጋር የሚተቃቀፍበት ቦታ ብዙ የለንም። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ቡድናችን በረኛው በቀይ ወጥቶበት በ10 ሰው የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ሲገጥም፣ አዳነ ግርማ አቻ ያደረገባት ደቂቃ የሀገሩን ሰው ሁሉ ያቃቀፈች ደቂቃ ናት። ያን የሚንቅ ልብ የለኝም። ግን «ከመጥፎ ቦታ ይጠብቀዋል» የሚባለው ልጅ ኪስ ውስጥ ያለችውን የቤቲንግ ቲኬት እዩ። ኳሷ ለእሱ ጨዋታ መሆኗ ቀርቶ ሎተሪ ሆናለች። አሥር ጨዋታ ይደረድራል፣ ዘጠኙ ይገባሉ፣ አንዷ ታበላሻለች፤ ነገም ይደግማል። እግሩን ተጠቅሞ ላብ የሚያወጣበት ቦታ የተዘጋበት ወጣት በጣቱ ብቻ ቢጫወት ምኑ ይገርማል?

ሁለተኛው «ከተማ ማደግ አለበት፤ መሬት ውድ ነው» የሚል ነው። ልክ ነው፣ መሬት ውድ ነው። ውድ ስለሆነ እኮ ነው አሁን ካልተከለለ በኋላ የማይገኘው። ቤት ዛሬ ባይሠራ ነገ ፎቅ ይሠራል፤ ሜዳን ግን ፎቅ ላይ መሥራት የሚችል ማዘጋጃ ቤት አላየሁም። ደግሞ ከመንግሥት የተለየ ነገር እየጠየቅን አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የስፖርት ፖሊሲ ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት አካባቢ በስፖርት ይሳተፍ የሚል ነው። በሚኖርበት አካባቢ የሚለው «በሚኖርበት አካባቢ ካለው ቴሌቪዥን ፊት» ማለት አይመስለኝም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው፤ «በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ስለ ሜዳ ታወሪያለሽ?» የሚል። አዎ፣ አወራለሁ። የምዕራብ ሸዋ ሰው በነዚህ ዓመታት በተኩስና በመንገድ መዘጋት ብዙ እንደከፈለ ማንም ነጋሪ አያስፈልገውም። ከቀበሌ ቀበሌ ሄዶ ግጥሚያ ማድረግ ያልተቻለበት ጊዜ ነበር። ግን ወጣቱ ሰብሰብ ሲል ሁሉም ወገን የሚጠረጥረው ከሆነ፣ ሳይጠረጠር የሚሰበሰብበት ቦታ ከድሮው በበለጠ የሚያስፈልገው አሁን ነው። ኳስ ሰላም ታመጣለች የሚል ተረት አልነግራችሁም፤ አታመጣም። አንድ ልጅ ግን ከሌላው ቀበሌ ልጅ ጋር በሙክት ተወራርዶ፣ ተጋጥሞ፣ ተሳድቦ፣ መልሶ አብሮ ሙክቱን ከበላ፣ ቢያንስ ስሙን ያውቀዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ማጉረምረም ብቻ ከሆነ ለዲኤስቲቪ ቤት ዳኛ ስድብ እንተወው። የሚሠራ ነገር አለ፣ ብዙ ብርም አይፈልግም።

አንደኛ፣ ካርታ። እያንዳንዱ ከተማ አስተዳደር፣ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ፣ ያሉትን የኳስ ሜዳዎች ይቁጠር፣ ይለካ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ያውጣላቸው። ዝርዝሩንም ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጥፍ። ለጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ ካልጠፋ ለዚህ ወረቀት አይጠፋም። ስታዲየም ሥሩልን አላልንም፤ ያለውን አትንኩብን ነው ያልነው።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ። ሱቅ የሚሠራ ትምህርት ቤት ከልጆቹ ሜዳ ሳይሆን ከአጥሩ ውጪ ይሥራ። ወላጅ ኮሚቴ ሆናችሁ ስትፈርሙ የምትፈርሙበትን ቦታ ሂዱና እዩት። ልጃችሁ የሚሮጥበት ነው።

ሦስተኛ፣ ሰዓት። በየሳምንቱ ሁለት ከሰዓት በኋላ ሜዳው የሴቶች ይሁን። ተጽፎ፣ ተለጥፎ፣ ታውቆ። «ከተረፈ» የሚባል ነገር ይቅር።

አራተኛው የእኛ የደጋፊዎቹ ነው። ለዋንጫው ማሊያ የሚገዛ ሰው ለሰፈሩ ልጆች በጋራ አንዲት ኳስ ቢገዛ አይደኸይም። ዲኤስቲቪ ቤት ያላችሁ ነጋዴዎችም በዋንጫው ሰሞን ከአንድ ጨዋታ መግቢያ የሚገኘውን ለታዳጊ ፕሮጀክቶቹ መረብና ጎል ስጡ፤ የነገ ደንበኞቻችሁ ናቸው። የ2027ቱ ዋንጫ ሲጀመር እዚህም የቀበሌ ለቀበሌ ዋንጫ ይጀመር፤ ቀን ቀን ሜዳ ላይ፣ ማታ ማታ ስክሪን ላይ። ኦሮምኛ የሚናገረው ልጅ «ኩባ ሚላ» ሲል የእግር ኳስ ማለቱ ነው፤ በእግር፣ እንጂ በሪሞት አይደለም።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ኬንያና ታንዛኒያ የሚያነሱትን አቧራ በቴሌቪዥን እናያለን፣ እንጨፍራለን፣ ይመቻቸው። ግን ዋንጫው አልቆ ሰሌዳዋ ስትጠረግ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ የአምቦ ልጅ የካልሲ ኳሱን ይዞ ከቤት ይወጣል። የት ይሂድ? ለከተማችሁ ከንቲባ ይህን ጥያቄ ከዋንጫው በፊት ጠይቁልኝ፤ ከመለሰላችሁም መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።